«ሰይጣን አሳሳተኝ» ካሉ በኋላስ?
ስለ ወጣትና ጎልማሳ አጥፊዎች ምክርና መታረም

ለዛሬ ሁለት ሰዎችን በዓይነ ኅሊናችሁ እንድታዩልን እንፈልጋለን። ሁለቱም እኛ የፈጠርናቸው ናቸው። ነገር ግን እንደ እነሱ ያለ ሰው አላውቅም የሚል አንባቢ በምሥራቅ ጎጃም ይገኛል ብለን አናስብም።

አንደኛው ቢቸና ነው። ዕድሜው 14፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። እናቱ ጠላ ጠምቃ ትሸጣለች። አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ እንደወረደ ይኸው ሦስተኛ ዓመቱ። ልጁ በአንድ የገበያ ቀን በዕድሜ ከሚበልጡት ሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከአንድ ነጋዴ ኪስ ሞባይል አወጣ። ታላላቆቹ ሮጠው አመለጡ፤ እሱ ተያዘ። ማምሻውን ሰፈሩ በሙሉ «ሌባው» ይለው ጀመር።

ሁለተኛው ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። የ32 ዓመት ገበሬ፣ የሁለት ልጆች አባት። ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ምክንያት ሲነታረኩ ከርመዋል። አንድ ቀን ከድግስ መልስ፣ አረቄ ቀማምሰው ሳለ፣ ያው የወሰን ነገር ተነሣ። ገበሬው በያዘው ዱላ አንዴ ሰነዘረ። ጎረቤቱ ወድቆ በዚያው ቀረ።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ሰዎች በጥፋታቸውም በዕድሜያቸውም የሚገናኙ አይደሉም። አንዱ ዕቃ ነው የወሰደው፤ ሌላው የሰው ሕይወት። ሆኖም ፖሊስ ሲጠይቃቸው ሁለቱም የሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «ሰይጣን አሳሳተኝ።»

ይህቺ አነጋገር በአገራችን የጥፋተኛ ሁሉ የመጀመሪያ ቃል ናት። አትሳቁባት፤ እኛም ቤት ውስጥ ብርጭቆ ስንሰብር እንላታለን። ጥያቄው ግን ከእሷ ቀጥሎ ምን ይመጣል የሚለው ነው። ዱላ? እስራት? ወይስ ሌላ ነገር? የዛሬው ጽሑፋችን የሚያወራው ስለዚያ «ሌላ ነገር» ነው።

ከወህኒ ቤት ወደ ማረሚያ ቤት

አያቶቻችን «ወህኒ ቤት» ይሉ ነበር፤ ኋላም «እስር ቤት» ተባለ። ዛሬ በሕግ የሚታወቀው ስም «ማረሚያ ቤት» ሲሆን በውስጡ ያለው ሰው ደግሞ «ታራሚ» ይባላል። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 365/1995 ነበር። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1174 ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው የማረሚያ ቤት አስተዳደር አላቸው።

አንዳንድ ሰው «ስሙ ተቀየረ እንጂ ግንቡ ያው ነው» ይላል። ይህን የሚለው ሰው ሁልጊዜ ተሳስቷል ማለት አንችልም። ግን ቃሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ማረም ምንድን ነው? ቢቸናና ሞጣ የጤፍ አገር ናቸው፤ ከእናንተ ውስጥ በክረምት ጎንበስ ብሎ ጤፍ ያላረመ ስንቱ ነው? አረሙ ገና ለጋ ሳለ ከጤፉ ጋር ይመሳሰላል፤ መለየት ዓይን ይፈልጋል። ከዘገያችሁ ደግሞ ሥሩ ከጤፉ ሥር ጋር ይጠላለፍና አረሙን ስትነቅሉ ጤፉ አብሮ ይመጣል። ይህን ሁሉ ፈርቶ ማሳውን በሙሉ የሚያጭድ ገበሬ ግን የለም።

ሕጉም የሚለው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ቅጣት የሚጣለው ወንጀል እንዳይደገም ለማድረግ፣ ሌላውም እንዲማርበትና አጥፊው ራሱ እንዲታረም መሆኑን ይናገራል። ቅጣት አለ፤ ማንም አልካደውም። ነገር ግን ከቅጣቱ በኋላ ሰውየው ተመልሶ ጎረቤታችን ይሆናል። ይህንን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

ዕድሜ ለምን ይጠየቃል?

የቢቸናው ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዓመትህ ነው?» መሆን አለበት። በወንጀል ሕጉ ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ሕፃን በወንጀል አይጠየቅም፤ የሱ ነገር የቤተሰብና የአሳዳጊ ጉዳይ ነው። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ግን ይጠየቃል፣ ሆኖም እንደ ጎልማሳ አይቀጣም። ከአዋቂ ወንጀለኞች ጋር አንድ ላይ መታሰርም የለበትም። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። ዳኛው ግን ዕድሜውን አይቶ ቅጣቱን ማቅለል ይችላል፤ የሞት ፍርድ ደግሞ ፈጽሞ አይፈረድበትም።

ታዲያ ለ14 ዓመቱ ልጅ ፍርድ ቤቱ ምን ያዝዛል? አማራጩ ብዙ ነው። ወላጆቹ ወይም ሌላ ታማኝ ሰው እየተቆጣጠረው ትምህርቱን እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል። ወቀሳና ተግሣጽ አለ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ የተሰጠውን ሥራ እንዲሠራ ሊታዘዝ ይችላል። የታመመ ከሆነ ይታከማል። ከዚህ ሁሉ አልፎ ከሄደ ነው ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም የሚላከው።

ክርክሩም ቢሆን እንደ አዋቂዎቹ በአደባባይ አይካሄድም። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የልጅ ጉዳይ በዝግ እንዲታይ፣ ነገሩም ልጁን በማያስደነግጥ ቀለል ባለ መንገድ እንዲሄድ ያዝዛል። ይህ ሕግ ከእናንተ ወላጆች የብዙዎቹ ታላቅ ነው! በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ላይ በማረሚያ ያሉ ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ደንግጓል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ ልጅን ማሰር የመጨረሻው አማራጭ እንዲሆን፣ ሲሆንም ለአጭር ጊዜ ብቻ እንዲሆን ይጠይቃል።

ወረቀቱ ይህን ይላል። መሬት ላይ ያለው ግን አንዳንዴ ይለያል። የጠባይ ማረሚያ ተቋም ሲባል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ የሚጠራው አንድ ብቻ ነበር። እሱም አዲስ አበባ ልደታ አካባቢ፣ በ1930ዎቹ የተመሠረተው ነው። አንድ የቢቸና ልጅ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ እዚያ ይላክ ቢባል እናቱ በምን ትራንስፖርት ትጠይቀዋለች? የልደት ምስክር ወረቀት የሌለውን ልጅ ዕድሜስ በምን ታረጋግጣላችሁ? ስለዚህ በወረዳ ከተማ ላሉ ልጆች ትልቁ ተስፋ ያለው በሕጉ ቀለል ባሉት አማራጮች ላይ፣ ማለትም በቤት፣ በትምህርት ቤትና በምክር ላይ ነው። ምክሩ ደግሞ የሚሠራው ምክር ከሆነ ብቻ ነው።

ምክር እና ቁጣ አንድ አይደሉም

«ልጁ ተመክሮ ተለቀቀ» ሲባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው ምንድን ነው? አንድ ጎልማሳ ጠረጴዛ እየደበደበ ለግማሽ ሰዓት ጮኸበት፤ ልጁ መሬት መሬት እያየ «ሁለተኛ አይለምደኝም» አለ፤ አለቀ። ይህ ቁጣ ነው። ቁጣ የራሱ ቦታ ሊኖረው ይችላል፤ ምክር ግን ሌላ ነው።

የምክር አገልግሎት የተማረ ሰው «ሰይጣን አሳሳተኝ» ሲባል «አትዋሽ!» አይልም። «ልክ ነህ»ም አይልም። እንዲህ ብሎ ይቀጥላል፦

«እሺ ወንድምዬ፤ ሰይጣን ከመምጣቱ በፊት የት ነበርክ?»
«መናኸሪያ።»
«ከማን ጋር?»
«ከነሱ ጋር።»
«የዚያን ቀን ትምህርት አልነበረም?»
«ነበረ።»
«ታዲያ ምነው ቀረህ?»
«ጫማዬ ተቀዶ። ልጆች ይስቁብኛል።»
«መናኸሪያስ አይስቁብህም?»
«እነሱ አይስቁም። ምሳም ያበሉኛል።»

አያችሁ? ከአምስት ጥያቄ በኋላ ሰይጣኑ የለም። የተቀደደ ጫማ አለ፤ የክፍል ጓደኞች ሣቅ አለ፤ ምሳ የሚያበሉ ታላላቅ ልጆች አሉ። ስርቆቱ የሰንሰለቱ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አልነበረም። አማካሪው ይህን የሚያደርገው ልጁን ነፃ ለማውጣት አይደለም። «ምሳ ስላበሉህ አልሰረቅህም» አይለውም። እንዲያውም ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከባድ ነው፦ «ነጋዴው ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ምን የተሰማው ይመስልሃል?» ብዙ ልጆች ለዚህ ጥያቄ መልስ የላቸውም፤ አስበውት አያውቁምና። ማሰብ የሚጀምሩት እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ስለ ነገ ይወራል። ያው ጓደኞቹ ቅዳሜ ተመልሰው ሲመጡ ምን ይላቸዋል? «እምቢ በል» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ግን እምቢ የሚባለው በምን ቃል ነው? አማካሪው ራሱ መናኸሪያው ያለውን ጎረምሳ ሆኖ ይጫወትና ልጁ መልሱን ይለማመዳል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ ውስጥ የተሳተፋችሁ ታውቁታላችሁ። ለግብረ ሥጋ ግንኙነት ግፊት «እምቢ» ማለትን የተለማመዳችሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለት ነገሮች ከሌሉ ግን ምክሩ ከንቱ ነው። አንደኛው ምስጢር መጠበቅ ነው። ልጁ የነገረው ነገር ማታ ጠላ ቤት ከተወራ ዳግመኛ አፉን አይከፍትም። ሰው ሊጎዳ መሆኑን ከተናገረ፣ ወይም ራሱን ለማጥፋት ካሰበ ግን አማካሪው ዝም አይልም፤ ይህንንም ገና ሲጀመር በግልጽ ይነግረዋል። ሁለተኛው ደግሞ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ተነጋግሮ የተለወጠ ሰው እምብዛም አይገኝም።

«ይህ ሁሉ ከምን መጣ፣ አንዴ ቢያስፈራሩት አይበቃም?» የሚል አይጠፋም። ይህ በሌላው ዓለም ተሞክሯል። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጥፎ ጠባይ ያሳዩ ልጆችን ወደ ትልቅ እስር ቤት እየወሰዱ፣ የዕድሜ ልክ እስረኞች እንዲጮኹባቸውና የእስሩን ክፋት እንዲነግሯቸው ያደርጉ ነበር። በ1978 ፊልም ተሠራበትና አገር ጉድ አለ፤ ሌሎች ከተሞችም ተከተሉ። በኋላ ግን ተመራማሪዎች ልጆቹን ካልሄዱት ጋር ሲያወዳድሩ የሄዱት ከማጥፋት አልታቀቡም። እንዲያውም ካልሄዱት ይልቅ ብሰው ተገኙ። ፍርሃት ለሳምንት ይሠራል። የተቀደደውን ጫማ ግን አይሰፋም።

ገበሬውስ?

የሞጣው ሰው ነገር ይከብዳል። የሰው ነፍስ ጠፍቷል፤ የሟች ሚስትና ልጆች አሉ። ስለ አጥፊው መታረም ስናወራ እነሱን ከረሳን ጽሑፋችንን እዚህ ላይ ብናቆመው ይሻላል።

ገበሬው ተፈርዶበት ማረሚያ ቤት ገብቷል። በብዙ የአገራችን ማረሚያ ቤቶች ትምህርት ቤት አለ። ፊደል ሳይለይ ገብቶ ማንበብ ችሎ የሚወጣ፣ ከዚያም አልፎ እዚያው ሆኖ አገር አቀፍ ፈተና የሚቀመጥ ታራሚ አለ። ሽመና፣ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረትና ስፌት የሚማርም አለ። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው፤ ሲወጣ እንጀራ ይሆኑታል። ይሁን እንጂ ጋቢ መሸመን የቻለ ሁሉ ንዴቱን መቆጣጠር ችሏል ማለት አይደለም። ዱላውን ያነሣው ሥራ አጥቶ አይደለምና።

አማካሪ ከእሱ ጋር ሲቀመጥ የሚፈታው ቋጠሮ ሌላ ነው። አንዱ አረቄው ነው። ሌላው «ወንድ አይደለህም ወይ?» የምትለዋ ንግግር ናት። ብዙ የደም ነገር የሚጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው፤ የምትጠየቀውም ሰው በተሰበሰበበት ነው። ማንም ባያይ ኖሮ ይመታው ነበር? ገበሬው ይህንን ራሱን ሲጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «አይመስለኝም» ይሆናል። ሦስተኛው ደግሞ ጸጸቱ ነው። የጸጸት ነገር አስቸጋሪ ነው። ጨርሶ የሌለው ሰው ያስፈራል፤ በጸጸት የተዋጠ ደግሞ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። አማካሪው መሐል ላይ ያለውን መንገድ ማሳየት አለበት፦ አድርጌዋለሁ፣ የኔ ነው፣ አሁን ምን ልካስ?

በሕጉ «አመክሮ» የሚባል ነገር አለ። የተፈረደበትን ጊዜ ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ፣ ጠባዩ የተሻሻለ፣ ያደረሰውንም ጉዳት በአቅሙ የካሰ ታራሚ ቀሪውን ጊዜ ከማረሚያ ቤት ውጭ እንዲያሳልፍ ፍርድ ቤት ሊፈቅድለት ይችላል። ይህ እንደ ምሕረት አይደለም። የሙከራ ጊዜ ነው፤ ካጠፋ ይመለሳል።

እኛ አገር ግን ከዳኛው ሌላ አንድ ፈራጅ አለ፤ ደም። የገዳይ እስራት ሲያልቅ የሟች ወገን «እስራቱ ለመንግሥት ነው፤ የኛ ደም አልተመለሰም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ገበሬው የተፈታ ዕለት ነው አደጋው የሚጀምረው። ወይ ይገደላል፣ ወይ ተሰድዶ ይቀራል፣ ወይም ደግሞ ፈርቶ መሣሪያ ይገዛና ሁለተኛ ጥፋት ይመጣል። ለዚህ ነው ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የሁለቱ ወገን ዘመዶች ገና ሰውየው ሳይፈታ ዕርቁን መጀመር ያለባቸው። ድንጋይ ተሸክሞ «ማሩኝ» ማለት፣ ካሳ መክፈል፣ አብሮ መብላት፣ እነዚህ የቆዩ ሥርዓቶች ናቸው። ማረሚያ ቤት ሰውየውን ሊያርመው ይችል ይሆናል፤ ቀዬው ግን የሚያስገባው በዕርቅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። ሽምግልና የማይሸፍነው ነገር አለ። ሴት ልጅ ስትደፈር ወይም ስትጠለፍ «በሽማግሌ እንጨርሰው፣ ያግባት» የሚለው ነገር ዕርቅ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው አሮጌው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን በሕግ ካገባት ከክስ ያድነው ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን ሽሮታል። ዛሬ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት፣ አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ ተደፋሪዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ልጅ ከሆነች ደግሞ እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። በዚህ ወንጀል የታሰረ ሰውም ምክር ያስፈልገዋል፤ እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ። ነገር ግን ምክሩ ልጅቷን እንድታገባው ለማግባባት መሣሪያ መሆን የለበትም። ተደፍራ የመጣች ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ለ28 ቀን ትወስዳለች። ሽማግሌ ተልኮ ሲመለስ፣ ሲላክ ሲመለስ፣ ያ 72 ሰዓት ያልፋል።

ምላጭ፣ ሳልና መድኃኒት

«የኤች አይ ቪ መጽሔት ስለ እስረኛ ምን አገባው?» ለምትሉ፣ አገባው።

በ2006 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን ማረሚያ ቤቶች በተደረገ ጥናት ከ100 ታራሚዎች ከአራት በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ ከአዋቂዎች የተገኘው 1.5 በመቶ ነበር። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከፊሉ ገና ሳይገቡ የያዛቸው ነው፤ ተመርምረው ስለማያውቁ አያውቁትም። ከፊሉ ደግሞ በውስጥ ያለው ኑሮ ነው። አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው፣ ሥራ ፈትነት የሚያመጣው ንቅሳት፣ እንዲሁም ማንም የማያወራው የግብረ ሥጋ ጥቃት። ልጅ ከአዋቂ ጋር አይታሰር የሚለውን ሕግ ያመጣው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሌላው ቲቢ ነው። ብዙ ሰው በጠበበና አየር በማይገባበት ክፍል ሲያድር አንድ የሚያስል ሰው ይበቃል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ታራሚ አክታው መመርመር አለበት። በተለይ ቫይረሱ ላለበት ሰው ቲቢ ዋነኛ ገዳይ ነው። በአንድ ትሪ መብላት፣ አጠገብ ለአጠገብ መተኛት፣ መጨባበጥ ግን ኤች አይ ቪን አያስተላልፍም። ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በማረሚያ ቤት ግን ስንቱ በዚህ ምክንያት ከእንቅልፍ ቦታው ተገፍቷል!

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ታራሚም እንደማንኛውም ሰው መብቱ ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። አስቸጋሪው ጊዜ የመፈቻው ሳምንት ነው። ሰውየው «ተፈታህ!» ሲባል በደስታ ልብሱን ጠቅልሎ ይወጣል፤ የሕክምና መሸኛ ወረቀቱን ይረሳል። ቀበሌው ሲደርስ ጤና ጣቢያ ሄዶ «ከማረሚያ ቤት ነው የመጣሁት፣ መድኃኒት እወስዳለሁ» ማለት ያፍራል። ሁለት ሀፍረት በአንድ ጊዜ! ስለዚህ ያቋርጣል። ጥሩ አማካሪ ከመፈታቱ አንድ ወር በፊት ጀምሮ ስለዚህች ወረቀት ይወተውተዋል።

ተመልሶ ሲመጣ

ወደ ቢቸናው ልጅ እንመለስ። ፍርድ ቤቱ በእናቱ ኃላፊነት ትምህርቱን እንዲቀጥል ወሰነ እንበል። ሰኞ ጠዋት ክፍል ይገባል። አሁን ነገሩ የዳኛው አይደለም፤ የናንተ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ተማሪ ሳለ አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረው። ከፖሊስ ጣቢያ ተመልሶ ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ ደብተሩንና እስኪርቢቶውን ወደ ቦርሳው ከተተ። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ቦርሳ ሲዘጋ ብቻ ተሰማ። መምህሩም አይቶ ዝም አለ። ልጁ እስከ ረቡዕ መጣ። ሐሙስ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያየነው መናኸሪያ ነው። የአዘጋጁ ቦርሳም በዚያ ሰኞ ተዘግታ ነበር።

ይህ ማለት ጥንቃቄ ይቅር ማለት አይደለም። ዕቃ የጠፋበት ተማሪም እዚያው ክፍል ሊኖር ይችላል፤ እሱም የሚሰማው አለውና «ይቅር በለው እንጂ!» ተብሎ መገደድ የለበትም። ይቅርታ የሚሰጥ እንጂ የሚቀማ አይደለም። ግን ይቅር ሳይሉም «ሌባው» አለማለት ይቻላል። «ሰረቀ» ማለት ያደረገውን መናገር ነው፤ «ሌባ ነው» ማለት ግን ማንነቱን መፍረድ ነው። ሁልጊዜ ሌባ እየተባለ የሚጠራ ልጅ አንድ ቀን «እንግዲያውስ» ይላል።

ብቻውን የሚያጠፋ ልጅ መኖሩን ሁላችን እናውቃለን፤ በጅምላ የሚጠፋ ጥፋት ግን ጥፋት አይመስለንም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ሞጣ ውስጥ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጥለዋል። በእንዲህ ያለ ግርግር ውስጥ ሆኖ «እኔ አንድ ድንጋይ ብቻ ነው የወረወርኩት» የሚል ወጣት አማካሪ ፊት ሲቀመጥ፣ ያቺን አንዷን ድንጋይ የራሱ አድርጎ እንዲያያት ማድረግ ከኪስ ሌባው የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ሰይጣኑ እዚህ ላይ «ሁሉም ሰው» ይባላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ከደብተራቸው ተለይተው ከርመዋል። ትምህርት የሌለበት ቀን ምን እንደሚያመጣ ከተቀደደው ጫማ ታሪክ መገመት ይቻላል።

እና ሰኞ ጠዋት ምን ይደረግ? የክፍል ኃላፊው ከመምህሩ ጋር ሆኖ ልጁ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ቢያስብ ጥሩ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ቦታ እንዳይፈልግ። የቀረበትን ትምህርት የሚያስገለብጠው አንድ ልጅ ይመደብ። በትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ መምህር ካለ በሳምንት አንድ ቀን ያነጋግረው፣ ከሌለ ልጁ የሚያምነው አንድ መምህር። እናቱም ትጠራ። ግን ለወቀሳ ብቻ አትጠራ፤ የገበያ ቀን ጠላ ስትሸጥ ልጇ የት እንደሚውል አብሯት የሚያስብ ሰው ያስፈልጋታል። የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው ጽሕፈት ቤት እና የወረዳው ጤና ጣቢያ በሮችም መንኳኳት አለባቸው። የነጋዴው ሞባይል ዋጋ ደግሞ ቀስ በቀስም ቢሆን ይከፈል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጋዴው ሱቅ ሄዶ ዕቃ በማውረድ ቢከፍል፣ ነጋዴው ከተስማማ፣ ያ ልጅ መናኸሪያ የሚውልበት ቅዳሜ አይኖረውም።

ጫማውንም እንዳትረሱት። የሊስትሮ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ማሰፋት ብዙ ብር አይፈጅም።